ስላቅ፦ የባቡር ሻጩና የስፕሪንግፊልድ ከተማ ሕዝብ

ሀ. ማስገንዘቢያ

ባለፈው ትምህርት ስለ ምፀት ተምራችኋል። ምፀት የሚባለው የተነገረው ቃልና የታሰበው ሐሳብ ተቃራኒ ሆነው ሲገኙ ነው። ሥራውን ያበላሸ ባልንጀራችሁን «እጅህ ይባረክ!» ብትሉት ቃሉ ምርቃት ነው፤ ሐሳቡ ግን ወቀሳ ነው። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ስላቅን ነው። ስላቅ ምፀትን፣ ግነትንና ፌዝን መሣሪያ አድርጎ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ኅብረተሰብ ጉድለት የሚያጋልጥ የአጻጻፍ ስልት ነው። ምፀት በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል፤ ስላቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሪክን፣ ሰዎችንና አካባቢን ይፈልጋል።

ስላቅና ስድብ አንድ አይደሉም። የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በመምህርነት በቈየበት ዘመን፣ ስላቅ ጽፈው እንዲመጡ የታዘዙ ተማሪዎች ስድብ ጽፈው ሲያመጡ ደጋግሞ አይቶአል። ስድብ ሰሚውን ያስቈጣዋል እንጂ ምንም ነገር አያሳየውም። ስላቅ ጸሐፊ ግን ገጸ ባሕርዩን «ሞኝ ነህ» አይለውም፤ ሞኝነቱን እየሠራ ሳለ ለአንባቢው ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ፍርዱን የሚሰጠው አንባቢው ነው። እንዲያውም አንባቢው በሰው ስቆ ሳይጨርስ የሚስቀው በራሱ መሆኑን ከተረዳ ስላቁ ግቡን መትቶአል ማለት ነው።

ስላቅ በመጻሕፍትና በተውኔት ብቻ ሳይሆን በሥዕል በሚሠራ ፊልምም፣ ማለትም በካርቱን፣ ይቀርባል። ካርቱን የልጆች መጫወቻ ብቻ ነው ብላችሁ የምታስቡ ብትኖሩ የሚከተለው ምንባብ አሳባችሁን ያስለውጣችሁ ይሆናል።

ለ. ምንባብ

ሲምፕሰንስ የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ካርቱን ማት ግሬኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የፈጠረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሌላ የቴሌቪዥን ዝግጅት ውስጥ እንደ አጭር ጨዋታ ቀርቦ ነበር፤ በ1989 መጨረሻ ግን ራሱን ችሎ መታየት ጀመረ። ታሪኩ የሚያተኩረው ስፕሪንግፊልድ በምትባል የፈጠራ ከተማ በሚኖር አንድ ቤተሰብ ላይ ነው። አባትዬው ሆመር በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ከሥራው ይልቅ መብሉን የሚወድ ሰው ነው። እናትዬዋ ማርጅ ትባላለች፤ ትዕግሥተኛና አስተዋይ ናት። ልጆቻቸው ረባሹ ባርት፣ ብልኋ ሊሳና ገና አፍ ያልፈታችው ማጊ ናቸው።

ከክፍሎቹ ሁሉ ዝነኛ ከሆኑት አንዱ ማርጅ በከተማዋ ሊሠራ የታሰበውን ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር፣ ማለትም ሞኖሬልን፣ ስትቃወም የሚያሳየው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1993 ሲሆን፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ኮናን ኦብራየን፣ ፊልሙን የመራው ደግሞ ሪች ሙር ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በወንጀል ነው። የኃይል ማመንጫው ባለቤት ሚስተር በርንስ የኑክሌር ቆሻሻ በበርሜል አድርጎ በከተማው መናፈሻ ዛፍ ውስጥ ሲደብቅ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ፍርድ ቤት ቀርቦም ሦስት ሚሊዮን ዶላር መቀጮ እንዲከፍል ይፈረድበታል። በርንስ አይደነግጥም። ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ እንዲከፈል ካዘዘ በኋላ፣ በችሎቱ ውስጥ የቆመውን የፍትሕ ሐውልትም መግዛት እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ዳኛውም ወዲያው ይሸጥለታል።

የከተማው ሕዝብ ይህን ሦስት ሚሊዮን ዶላር በምን ላይ እናውለው ብሎ ለመምከር ይሰበሰባል። ልዩ ልዩ አሳብ ይቀርባል። አንድ ጺም የለጠፈ ሰው ተነሥቶ «ስንርብ እባላለሁ» ይልና ገንዘቡ ለኃይል ማመንጫው ቢሰጥ መልካም እንደሚሆን ይመክራል። «በርንስ» የሚለውን ስም ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፤ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ትደርሱበታላችሁ።

በመጨረሻ ማርጅ ትነሣለች። የከተማው ዋና ጎዳና ተሰነጣጥቆአል፣ ተቦርቡሮአል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለመንገዱ ጥገና ይዋል ትላለች። ሕዝቡም አሳብዋን ሊቀበል ይቃረባል። በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ ኋላ ፉጨት ይሰማል። የፉጨቱ ባለቤት ላይል ላንሊ የተባለ፣ የደስ ደስ ያለው፣ አንደበተ ርቱዕ ሻጭ ነው። አንድ ታላቅ አሳብ አለኝ ይላል፤ ወዲያውም ወደ በሩ እየተመለሰ፣ ነገር ግን ይህ አሳብ ለእናንተ ሳይሆን ለጎረቤታችሁ ለሼልቢቪል ሕዝብ የሚስማማ ነው ይላቸዋል። ከንቲባው ይህን ሲሰማ ይቈጣል። እኛ ከሼልቢቪል ሰዎች እጥፍ ብልሆች ነን፤ አሳብህን ብቻ ንገረን እንጂ ድምፃችንን እንሰጥሃለን ይለዋል። አሳቡ ገና ምን እንደ ሆነ አልተነገረም፤ ድምፁ ግን አስቀድሞ ተሰጥቶአል።

ላንሊ ባቡሩን በትንሽ ምስል አሳይቶ፣ ለብሮክዌይ፣ ለኦግደንቪልና ለሰሜን ሄቨርብሩክ ከተሞች መሸጡን ይናገራል። ከዚያም ይዘፍናል። ሕዝቡ በዜማ ይጠይቃል፤ እርሱም በዜማ ይመልሳል። አንዱ ስለ ጩኸቱ፣ ሌላው ስለ ሐዲዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ስለ ሥራ ዕድል ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ ቤት ይመታል፤ ማስረጃ ግን አንድም ጊዜ አይቀርብም። ማርጅ ጎዳናው አሁንም እንደ ተሰባበረ መሆኑን ለማስታወስ ብትሞክር፣ የገዛ ልጅዋ ባርት ሕዝቡ ፈርዶአልና ይቅርብሽ ይላታል።

ባቡሩ ይሠራል። ሆመርም ለጥቂት ሳምንታት በሚሰጥ ኮርስ ሠልጥኖ ነጂ ይሆናል። ማርጅ ግን ልብዋ አላረፈም። የላንሊን ማስታወሻ ደብተር ስታይ፣ ሻጩ ገንዘብ ይዞ ሲሮጥ፣ ሕዝቡም በእሳት ሲያልቅ የሚያሳይ ሥዕል ታገኛለች። ወዲያው ላንሊ በምስክርነት ከጠራቸው ከተሞች ወደ አንዷ፣ ወደ ሰሜን ሄቨርብሩክ፣ ትሄዳለች። ከተማይቱ ፈራርሳለች። ሰዎቹ ስለ ባቡሩ ሲጠየቁ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ከተማ ኖሮ አያውቅም ብለው ይክዳሉ፤ የባቡሩ ምልክቶች ግን በየቦታው ይታያሉ። ያንን ባቡር የሠራው መሐንዲስ ሰባስቲያን ኮብ፣ ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል ሥራው ሁሉ በርካሽ ዕቃ መሠራቱን ያስረዳታል።

በምረቃው ዕለት ላንሊ ገንዘቡን ይዞ በአውሮፕላን ይሸሻል። ባቡሩም ነጂውንና ተሳፋሪዎቹን እንደ ያዘ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ይከንፋል። የሚንቀሳቀሰው በፀሐይ ኃይል ስለ ሆነ በድንገት የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ሲቆም ሕዝቡ እፎይ ይላል፤ ጨረቃ ዞር ስትል ግን እንደገና ይበራል። በመጨረሻ ሆመር ከባቡሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ፊደል በገመድ አስሮ እንደ መልሕቅ ይጥለዋል፤ ፊደሉም ብዙ ነገር ካፈራረሰ በኋላ በአንድ ሱቅ ላይ የቆመ ግዙፍ የዶናት ምስል ላይ ተጠምዶ ባቡሩን ያቆመዋል። ላንሊ የተሳፈረበት አውሮፕላን ደግሞ ባልታሰበ ሁኔታ በሰሜን ሄቨርብሩክ ያርፋል። የዚያች ከተማ ሰዎች እየጠበቁት ነበር።

ሐ. ስለ ምንባቡ ማብራሪያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሰለቀበት ማን ነው? ብዙ ተማሪዎች ቸኩለው «ላንሊ ነው» ይላሉ። ላንሊ አታላይ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ስለ አታላይ ሰው ክፋት ለመናገር ስላቅ አያስፈልግም፤ ክስ ይበቃል። ደራሲው የተሳለቀው አዳራሹን ሞልቶ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ ነው። ሻጩ ማንንም አላስገደደም። ሕዝቡ የተሸነፈው «ከጎረቤታችን እንበልጣለን» በሚለው የራሱ ኩራት ነው። ላንሊ ያደረገው ነገር ቢኖር ይህን ኩራት ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው። «ለእናንተ አይሆንም» ማለት «ግዙኝ» ከማለት ይበልጥ እንደሚሸጥ ያውቃል።

ሐውልቱ ስለ ተሸጠበት ትርኢት ደግሞ አስቡ። ታሪኩን ሳታጕድሉ ትርኢቱን ብታወጡት የሚቀር ነገር ያለ አይመስልም፤ መቀጮው ተከፍሎአል፣ ስብሰባው ይቀጥላል። ነገር ግን ደራሲው በዚያች አንዲት ቅጽበት ባለጸጋ ሰው በፍርድ ቤት ፊት እንዴት እንደሚቆም ተናግሮ ጨርሶአል። የቅኔን ሰምና ወርቅ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሙ ከመዳብ ወይም ከድንጋይ የተሠራ ሐውልት መሸጡ ነው፤ ወርቁን እናንተ ድረሱበት።

ይሁን እንጂ የዚህ ትምህርት አዘጋጅ ከሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው ትርኢት ሌላ ነው፤ በምንባቡ ውስጥ ያልተጠቀሰው ሆን ተብሎ ነው። ላንሊ ወደ ተማሪ ቤት ሄዶ ልጆቹን ስለ ባቡሩ ያነጋግራቸዋል። ሊሳ እጅዋን ታወጣለች። ሕዝብዋ ትንሽ በሆነችና መኖሪያ ቤቶችዋ በአንድ ቦታ በተሰበሰቡባት ከተማ እንዲህ ያለ ባቡር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ነገሩን በስሌት የመረመረችው እርስዋ ብቻ ናት። ላንሊ ምን ይመልሳል? ጥያቄሽ በጣም ጥልቅ ነው፤ መልሱን ብናገር እዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከአንቺ በስተቀር የሚረዳው የለም፤ መምህርትሽም ጭምር አትረዳውም ይላታል። ሊሳ በደስታ ትስቃለች፤ ዝምም ትላለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሕዝቡ የተታለለው ባለማወቁ ነው ልንል እንችል ነበር፤ ይህች ልጅ ግን ዐዋቂ ናት። ላንሊ ያሸነፋት በዕውቀትዋ በኩል ነው። ዕውቀትዋን አመስግኖ ጥያቄዋን ወሰደባት። መልስ አለመሰጠቱን ያስተዋለ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ የለም፤ ሊሳም ራስዋ በዚያች ሰዓት አላስተዋለችም። እናንተም በክፍላችሁ ጐበዝ ተብላችሁ የምትመሰገኑ ከሆነ ይህን ትርኢት ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግማችሁ አስቡበት።

ስለ ማርጅም አንድ ነገር መነገር አለበት። ማርጅ እውነት ይዛለች፤ ሆኖም በስብሰባው ተሸነፈች። ለምን? አነጋገርዋን ከሻጩ ጋር ብታነጻጽሩት ምክንያቱን ታገኙታላችሁ። እርስዋ ያቀረበችው የተሰነጠቀ መንገድ ነው፤ እርሱ ያቀረበው ዝና፣ ፍጥነትና ዜማ ነው። እውነት ስለ ሆነ ብቻ ሰው ይሰማኛል ብሎ ማሰብ በማሳመኛ ድርሰት የሚሠራ ትልቅ ስሕተት ነው። ማርጅ ኋላ የወሰደችው እርምጃ ግን ከአዳራሹ ንግግርዋ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ስማቸውን ሰምተው ያለፏቸውን ከተሞች እርስዋ ሄዳ አየች። ምስክር ተጠራ ማለት ምስክር ቃሉን ሰጠ ማለት አይደለም።

ታሪኩ ከሌላ ሥራ ጋር ዝምድና አለው። ሜሬዲት ዊልሰን የደረሰው «የሙዚቃው ሰው» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1957 በኒውዮርክ ለመድረክ በቅቶ በ1962 ፊልም ሆኖአል። በዚያ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ አታላይ ሻጭ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ መጥቶ የሙዚቃ መሣሪያና የደንብ ልብስ ለሕዝቡ ይሸጣል፤ በመጨረሻ ግን ፍቅር ይዞት ሳይሸሽ ይቀራል። የካርቱኑ ደራሲ የሻጩን አነጋገርና ዘፈን አስመስሎ ወስዶ መጨረሻውን ለወጠው፤ የእርሱ ሻጭ ከገንዘብ በስተቀር የሚይዘው ፍቅር የለም። ከታወቀ ሥራ ላይ መልኩን ወስዶ ለፌዝ መጠቀም ከስላቅ ጥንታዊ ስልቶች አንዱ ነው።

ባቡሩን በተመለከተ አንዳንዶች ስላቁ መሣሪያውን የሚነቅፍ ይመስላቸዋል። በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራ የጀመረው በአንድ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባቡር እስከ ዛሬ ሰው ያመላልሳል፤ የቶኪዮው ከ1964 ጀምሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲመላለስ ኖሮአል። የሲድኒው ደግሞ በ1988 ተከፍቶ በ2013 ተዘግቶአል። ስለዚህ ጥያቄው ባቡሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ለየትኛው ከተማ፣ በማን ገንዘብ፣ በማን ምክር የሚል ነው።

መ. ከሰዋስው ጋር ማገናኘት

፩. ተደራጊ ግስ። እንደ ላንሊ ያሉ ሻጮች የሚወዱት ግስ ተደራጊው ነው። ተከታዮቹን ዐረፍተ ነገሮች አንብቡ።

ባቡር ይሠራል። ለሁላችሁም ሥራ ይሰጣል። ከተማችሁ በዓለም ትታወቃለች።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ሠ»ን አላልታችሁ ብታነቡት ባቡሩ በሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ አጥብቃችሁ ብታነቡት ግን አንድ ሰው ባቡሩን ይሠራዋል ማለት ይሆናል። ያ ሰው ማን ነው? በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ሰ» ጠብቆ ሲነበብ ሥራው እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ ሰጪውን ግን አናውቅም። ተደራጊ ግስ አድራጊውን ለመሰወር ይመቻል። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም መጠቀሱ በማያስፈልግበት ጊዜ ይህ ተገቢ ነው። ገንዘብ የሚጠየቅበት ጽሑፍ ሲሆን ግን አድራጊውን ፈልጉ፤ ካጣችሁት ጠይቁ።

፪. «በስተቀር»። በፊልሙ መጨረሻ ማርጅ፣ የከተማው ሕዝብ ከዚህ ሌላ ሞኝነት ሠርቶ እንደማያውቅ ትተርካለች፤ ቀጥላም ከአይስ ክሬም እንጨት የተሠራውን ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ፣ 50 ጫማ ርዝመት ያለውን አጉሊ መነጽርና የትም የማያደርሰውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ አንድ በአንድ ትጨምራለች። ይህን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል ችግር ይገጥመናል። በአማርኛ «በስተቀር» ያለበት ሐረግ ከማሠሪያ አንቀጹ በፊት ይገባል፤ ስለዚህ በደንቡ መሠረት የሚከተለውን እንጽፋለን።

ከእንጨቱ ሕንጻ፣ ከአጉሊ መነጽሩና ከተንቀሳቃሹ ደረጃ በስተቀር የከተማው ሕዝብ ሌላ ሞኝነት ሠርቶ አያውቅም።

ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ሣቁ ግን ሞቶአል። አንባቢው ኑዛዜውን ከምስጋናው በፊት ሰማው። ፌዙ የሚድነው ምስጋናው አስቀድሞ ሲታሠር ነው።

የከተማው ሕዝብ ከዚህ ሌላ ሞኝነት ሠርቶ አያውቅም። ከእንጨቱ ሕንጻ በስተቀር። ከአጉሊ መነጽሩም በስተቀር። ደግሞ ከዚያ የትም ከማያደርሰው ደረጃ በስተቀር።

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ማሠሪያ አንቀጽ የላቸውም፤ ስለዚህ በደንቡ ዐረፍተ ነገር ሊባሉ አይችሉም። ጸሐፊ ደንቡን ዐውቆ ለተወሰነ ዓላማ ሲጥሰው ግን ይፈቀድለታል። በሰዋስው ፈተና ላይ ይህን ፈቃድ አትጠይቁ።

ሠ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ላንሊ አሳቡን ከመናገሩ በፊት ሕዝቡን ያሸነፈበት ዐረፍተ ነገር የትኛው ነው? በራሳችሁ ቃል ጻፉና ለምን እንደ ሠራለት አስረዱ።

2. የሰሜን ሄቨርብሩክ ሰዎች ባቡሩ በከተማቸው እንዳልነበረ የካዱት ለምን ይመስላችኋል? ከአንድ አንቀጽ ባልበለጠ ጽሑፍ መልሱ። «አፍረው ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ዝምታቸው በስፕሪንግፊልድ ሰዎች ላይ ያመጣውን ውጤት ጨምሩበት።

3. የሚከተሉትን ቃላት በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ፦ አንደበተ ርቱዕ፣ እጅ ከፍንጅ፣ መቀጮ፣ ግነት፣ መሰለቅ።

4. የማርጅን ንግግር እንደገና ጻፉላት። ስለ መንገዱ ጥገና የምታቀርበው አሳብ አይለወጥ፤ ሐሰትም አይጨመርበት። ነገር ግን ፉጨቱ ከአዳራሹ ኋላ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ዞር ብሎ እንዳያይ የሚያደርግ ይሁን። ርዝመቱ ከ15 መስመር አይነስ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ በክፍል ውስጥ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ አንድ ተማሪም ከኋላ ተቀምጦ ያፉጭ።